ሕመም አብሮን ሲኖር፦ ስለ ጽናትና እርዳታን ስለ መቀበል

በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የወጣ

ከፈረቃ ወጥታችሁ፣ ድካማችሁን እንደያዛችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ የዋለ ሰው የዕረፍት ሰዓቱን ለትምህርት መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ የሚጠቅማችሁን ነገር ለመናገር እተጋለሁ።

የመጣሁበት ጉዳይ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የኩላሊት ሕመም፣ ኤች አይ ቪ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳምንት መድኃኒት ተሰናብተው የማይሄዱ፣ ከሰው ጋር ውለው የሚያድሩ ሕመሞች ናቸው። በነርስነት ያሳለፍኩት ጊዜ አብዛኛው እንዲህ ያሉ ሕሙማን በቀጠሮ በሚመላለሱበት የክትትል ክፍል ነው። ዛሬ ግን የመድኃኒት ትምህርት ልሰጥ አልመጣሁም፤ ለእያንዳንዳችሁ የሚሆነውን የሚያውቀው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው። ዓላማዬ አንድ ነው። ከሕመም ጋር ጸንቶ መኖር ማለት ሁሉን ለብቻ መሸከም ማለት እንዳልሆነ፣ እርዳታ መቀበልም ከጽናት ሥራዎች አንዱና ዋነኛው እንደሆነ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ጽናት ምን እንደሆነ ከዚህችው ከተማ ታሪክ ተነሥቼ እናገራለሁ። ቀጥሎ እርዳታ እንዳንቀበል የሚያግዱንን ነገሮች አንድ በአንድ አነሣለሁ። በመጨረሻም እርዳታ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚሰጥ፣ በተለይም በሥራ ቦታ፣ አብረን እናያለን።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ፤ ወደዚህች ከተማ ታሪክ ለመድረስ ግን ከሩቅ እጀምራለሁ። በጥር 1914 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በስኳር ሕመም መንምኖ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በዚያ ዘመን እንደ እሱ ላለ ልጅ ሐኪሞች የነበራቸው ዘዴ ምግቡን እጅግ ቀንሶ ሞቱን ማዘግየት ብቻ ነበር። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳ ቆሽት ያወጡትን ኢንሱሊን የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ይህ ልጅ ነው። የመጀመሪያው መርፌ አልሆነም፤ መድኃኒቱ በሚገባ አልተጣራም ነበር። ጄምስ ኮሊፕ የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ እንደገና አጣርቶ ካዘጋጀው በኋላ ግን ልጁ ነፍስ ዘራ፤ ከዚያም ወዲህ 13 ዓመት ኖረ። አንድን ልጅ ለማዳን ተመራማሪ፣ አጣሪ፣ ሐኪም፣ አስታማሚ ሁሉም በአንድ አልጋ ዙሪያ ተሰልፈው ነበር።

ከዚያ ልክ መቶ ዓመት ሲሞላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም.፣ በትግራይ ጦርነት መካከል፣ የዚህች ከተማ የዓይደር ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊንን ጨምሮ መሠረታዊ መድኃኒቶች እያለቁባቸው መሆኑን ለዓለም በአደባባይ ተናገሩ። ኢንሱሊን በሌላው ዓለም በየመድኃኒት ቤቱ እያለ እዚህ ጠፋ። ኩላሊታቸው በማሽን የሚታጠብላቸው ሕሙማን የእጥበቱ ዕቃ ሲያልቅ ሕይወታቸው አለፈ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ይሠሩ ነበር፤ ከእነሱም መካከል የዕለት ምግብ አጥተው የሰው እጅ እስከ ማየት የደረሱ ነበሩ። በዚያው ወር ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከወራት መቋረጥ በኋላ የመጀመሪያውን የመድኃኒት ጭነት በአውሮፕላን ወደ መቐለ አስገባ። ይህን ታሪክ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ኖራችሁበታል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ፓርክም በጦርነቱ መኪኖቹ ቆመው፣ ሠራተኞቹ ተበትነው ነበር።

ይህን ያነሣሁት ቁስል ለመንካት አይደለም። ስለ ጽናት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ስሕተት ስላለ ነው። «ጠንካራ ሰው ሕመሙን ያሸንፋል፣ የወደቀው ልቡ ስለደከመ ነው» ይባላል። በዚያ ክፉ ጊዜ ያለፉት ሕሙማን ልበ ደካሞች ነበሩ የሚል ማን ነው? የልብ ብርታት ብቻውን የደም ስኳርን አያወርድም፣ ደምን አያጥብም። ከሕመሙ ጋር የሚኖር ሰው በሕይወት የሚቆየው ከመድኃኒት ፋብሪካ ጀምሮ እስከ ነርሷ፣ እስከ ጎረቤት፣ እስከ ቤተሰብ ድረስ በተያያዘ የሰው ሰንሰለት ነው። ይህች ከተማ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን በዓይኗ አይታለች። የሰንሰለቱን የሩቅ ጫፍ እኔም እናንተም ልንጠግነው አንችል ይሆናል፤ የቅርቡ ጫፍ ግን፣ ጎረቤቱና የሥራ ባልደረባው፣ በእጃችን ነው።

እንግዲህ ጽናት የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አንድን ትንሽ ነገር በየቀኑ ሳይሰለቹ መሥራት ነው፤ ክኒኑን በሰዓቱ መዋጥ፣ ቀጠሮን መጠበቅ፣ እግርን ማየት፣ ጨው መቀነስ። ሁለተኛው በመጥፎ ቀን ከተደናቀፉ በኋላ ተነሥቶ ወደዚያው ሥራ መመለስ ነው። ሁለቱም ለአንድ ሰው ብቻ ሲተዉ ይከብዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በበለጸጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን እንደታዘዘው የሚከታተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። መድኃኒት በቅርብ ያለው፣ ደጃፉ ድረስ መኪና የሚመጣለት ሰው ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ከገጠር መጥታ ቤት ተጋርታ የምትኖር፣ በፈረቃ የምትሠራ ወጣት ብቻዋን ትወጣዋለች ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው።

የቅርብ ሰው እርዳታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ደግሞ ከትግራይ የተሻለ ምስክር የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ገጠር አንድ ጥናት ተካሄደ። ከእናቶች መካከል አስተባባሪዎች ተመርጠው ሠለጠኑ፤ እነሱም የየጎረቤታቸውን እናቶች የልጅን የወባ ምልክት እንዲለዩና መድኃኒቱን እዚያው ቤት ውስጥ ወዲያው እንዲሰጡ አስተማሩ። ውጤቱ በ1992 ዓ.ም. ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ ይህ በተደረገባቸው ቀበሌዎች ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ወባ ሥር የሰደደ ሕመም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው፤ ሐኪም ሩቅ በሆነበት ቦታ ትንሽ የተማረች ጎረቤት ሕይወት ታተርፋለች። በጎንደርና በጅማም ሐኪሞች ይህንኑ መንገድ ለስኳርና ለሚጥል በሽታ ተከትለዋል። ገበሬው ቀናት ተጉዞ ወደ ከተማ ሆስፒታል መምጣቱ ቀርቶ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው እዚያው ይከታተሉት ጀመር። እርዳታው ቀረበ፤ ሰውም ሕክምናውን ሳያቋርጥ መቆየት ቻለ።

እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ክፍል እሻገራለሁ። እርዳታ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ለምን አንቀበልም? ከሕሙማን አንደበት ደጋግሜ የሰማኋቸው ምክንያቶች አራት ናቸው፤ እፍረት፣ እንጀራን የማጣት ፍርሃት፣ ሸክም የመሆን ስጋት፣ እና እምነትን ከሕክምና ጋር ማጋጨት። አራቱንም በአክብሮት ልመልስላቸው።

እፍረት የመጀመሪያው ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ ነገር ግን የሚደብቅ ሰው ያለ ምክንያት አይደብቅም። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ከተሰማባት ማን ያገባታል ይባላል። ስኳር ያለበት ወጣት «ይህ የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ፣ አንተን ከየት አገኘህ?» ይባላል። ይህ አባባል ፈጽሞ ሐሰት ነው። በአገራችን ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር ሕመም ከሲታ በሆኑ ድሆች ገበሬዎች ላይ እንደሚታይ ከጎንደርና ከጅማ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ በ2017 ዓ.ም. ተቀብሎታል። ስለዚህ ማንም ሰው በድኅነቱ ላይ ሌላ እፍረት ሊጨምር አይገባውም።

እፍረት እንዴት እንደሚሸነፍ የሚያስተምሩን ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። ሰው ስሙን እንኳ ለመጥራት በሚፈራበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ተሰባስበው ተስፋ ጎህ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ፊታቸውን ለሕዝብ አሳይተው ተናገሩ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው ከዓመታት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ራሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ተቀምጠው አዲስ ለሚጀምር ሰው «እኔም እወስዳለሁ፣ እየው፣ ኖሬያለሁ» እያሉ ያበረቱት ጀመር። ትናንት የተረዳው ዛሬ ረዳት ሆነ። በእኔ ግምት በአገራችን የሕክምና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የጽናት ትምህርት ቤት አልተከፈተም።

ሁለተኛው እንጀራን የማጣት ፍርሃት ነው። «ሕመሜን ካወቁ ያባርሩኛል» የሚለው ቃል በክትትል ክፍል በየቀኑ ይሰማል። ፍርሃቱ ከምንም አልመጣም፤ ግን ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ታሞ መሥራት ካልቻለ የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ፈቃዱ በአንድ ጊዜም ይወሰድ በተለያየ ጊዜ፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከደመወዙ ግማሽ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሠራተኛው በኩል የሚጠበቀው ከሥራ በቀረ ማግሥት ለአሠሪው ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት ነው። አዋጁ በአካል ጉዳት ወይም በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግንም ይከለክላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚጠብቀው የተናገረውንና ማስረጃ ያመጣውን ሰው ነው። ሕመሙን ደብቆ «ቤተ ዘመድ ሞቶብኝ ነው» እያለ የሚቀር ሠራተኛ ከሕጉ ጥላ ራሱን ያስወጣል፤ ስሙም በቀሪ ወረቀት ላይ ይከማቻል። ይህን ስል ሕመማችሁን ለመላው ሼድ አውጁ ማለቴ አይደለም። ማስረጃውን ለሚመለከተው ክፍል አቅርቡ፣ ምስጢሩም እንዲጠበቅ ጠይቁ።

ሦስተኛው «ለሰው ሸክም አልሁን» የሚለው ነው። ይህ ከትዕቢት የመጣ ስላልሆነ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ ከጨዋነት የመጣ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ሰው እንዳናስቸግር እየተነገረን ነው። ለዚህ መልሱን ከራሳችን ባህል አገኘዋለሁ። እድር ስንገባ በየወሩ እንከፍላለን። ሐዘን ሲደርስብን ድንኳኑ ይተከላል፣ ውሃው ይቀዳል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ጎረቤት አብሮን ያድራል። በዚያን ጊዜ «ሰው አስቸገርኩ» ብሎ ድንኳኑን የሚመልስ አለ? የለም። የእኛ ተራ መሆኑን፣ ነገ ለሌላው እኛ እንደምንቆም ስለምናውቅ ሳናፍር እንቀበላለን። ታዲያ ለቀብር የማናፍርበትን እርዳታ ለሕይወት ስንቀበል ለምን እናፍራለን? አብሮ መቆም የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው ያለ ማን ነው? በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የቆመውም በዚሁ አሳብ ላይ ነው፤ ጤነኛው አስቀድሞ ያዋጣል፣ የታመመው በመብቱ ይታከማል። በገጠር ያሉ ወላጆቻችሁ አባል መሆናቸውን፣ ክፍያቸው መታደሱን ደውላችሁ ጠይቁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሸክሙን ከባድ ያደረገው የሎሚው ብዛት ሳይሆን የተሸካሚው ብቻነት ነው።

አራተኛውን በጥንቃቄ እናገራለሁ። ይህ ሕዝብ አማኝ ነው፤ እምነትም ለታመመ ሰው ትልቅ ኃይል ነው። ጸሎት፣ ጸበል፣ የንስሐ አባት ምክር፣ የመስጊድ ጉባኤ፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ከብቸኝነት ያወጡታል፣ ተስፋውን ያጸኑለታል። ችግሩ ያለው ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ሲሄድ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የዚሁ የትግራይ ምድር ልጅ የነበሩት ፓትርያርክ፣ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ አስተምረዋል። ጾምም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ለታመመ ሰው በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም ጾም ይቀልለታል። ስለዚህ ከጾሙ ወራት በፊት ወደ ሐኪማችሁም ወደ ሃይማኖት አባታችሁም ሂዱ፤ ለሁለቱም እውነቱን ንገሯቸው። መድኃኒቱን አቋርጡ የሚላችሁ ሰው ቢገኝ ግን፣ ማንም ይሁን፣ አትስሙት።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሻለሁ። እርዳታ እንዴት ይጠየቃል፣ እንዴትስ ይሰጣል?

አንዲት ወጣት እናስብ። ስኳር አለባት። ንጋት ላይ ኢንሱሊኗን ተወግታ ቁርስ ሳትቀምስ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ሮጠች። አራት ሰዓት ገደማ የስፌት መኪናው ላይ እንዳለች ላብ ያጠምቃታል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ክሩ በመርፌው ዓይን አልገባ ይላል፤ ደጋግማ ትሞክራለች። ሱፐርቫይዘሩ ከወዲያ ሆኖ ሥራ የተጠራቀመባትን መኪና ያያል፤ «ምን ሆነሻል?» ሲላት የምትመልሰው ነገር የተምታታ ይሆናል። የሰከረች ወይም ያኮረፈች ሊመስለው ይችላል። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ግን ታውቃለች፤ ከሳምንታት በፊት ተነግሯታል። መኪናውን ታጠፋለች፣ ጣቷን ከመርፌው ታርቃለች፣ ከጓደኛዋ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለውን ስኳር አውጥታ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ የሚሆነውን በውሃ በጥብጣ ታጠጣታለች። ሩብ ሰዓት ትጠብቃለች። ካልተሻላት ትደግምላታለች፤ ሲሻላት ምግብ ታበላታለች። ብትስት ኖሮ ግን በአፏ ምንም አትሰጣትም፤ በጎኗ አስተኝታ ወደ ሕክምና እንድትወሰድ ታደርጋለች። ይህ ሁሉ የሆነው ስኳሯ የወረደባት ልጅ አስቀድማ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ወስዳ ስለተናገረች ነው። ባትናገር ኖሮ ያ ሩብ ሰዓት ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችል ነበር።

ከዚህ የምንማረው እርዳታ የሚጠየቀው ደህና በሆንበት ቀን መሆኑን ነው። ሕመም ያለበት ሰው ያለችግር ማስረዳት የሚችለው ሳይነሣበት ነው። ደግሞም የምንጠይቀው ነገር የተለየና የሚቻል ይሁን። «እርዱኝ» ብቻ ያለ ሰው ሰሚውን ግራ ያጋባል፤ ምን ላድርግ ብሎ ይጨነቃል፣ ወይም «አይዞሽ» ብሎ ያልፋል። «ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ልጄን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ያዢልኝ» ያለች እናት ግን መልስ ታገኛለች። «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ በይኝ» ብላ አብራት የምትኖረውን ልጅ የጠየቀች ሠራተኛ ክኒኗ አይረሳም። እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑረው፤ አንድ በቤት፣ አንድ በሥራ ቦታ፣ አንድ በጤና ተቋም። ሁሉንም ለአንድ ሰው ብንጭን ያ ሰው ይደክማል፤ ይህ ሕመም ረጅም መንገድ ስለሆነ ረዳቱም ተራ መለዋወጥ ያስፈልገዋል።

ስለ ኢንሱሊን አቀማመጥ ብዙ ስለሚጠየቅ ጥቂት ልጨምር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ፣ ማለትም በማቀዝቀዣ፣ ይቀመጣል። ብዙዎቻችሁ በተከራያችሁበት ቤት ማቀዝቀዣ የለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው ያጠኑትና በ2013 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ከፍና ዝቅ በሚል ሙቀት ውስጥ ለ4 ሳምንት ኃይሉን እንደጠበቀ አግኝቷል። ስለዚህ አንዱን ብልቃጥ ቤት አስቀምጦ መጠቀም ይቻላል። እናቶቻችን ውሃ የሚያቀዘቅዙበትን ዘዴ ተጠቀሙ፤ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገብታችሁ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ አድርጉ፣ ጥላ ሥር አኑሩት፣ አሸዋው ሲደርቅ አርጥቡት። ከፀሐይና ከካውያ እንፋሎት አርቁት። የቀሩትን ብልቃጦች ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤት ወይም ጤና ጣቢያው እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁ፤ ይህም ራሱ እርዳታ መቀበል ነው።

ለረዳቶችም የምለው አለኝ። የሚጥል በሽታ ያለበት ባልደረባችሁ ቢወድቅ ክብሪት ጭራችሁ አታሽቱት፣ በጥርሱ መካከል ማንኪያ አታስገቡ፣ ውሃ አታፍስሱበት። መቀሱንና ወንበሩን ከአጠገቡ አንሡ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ጨርቅ አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት፣ እስኪነቃ አጠገቡ ቆዩ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ሕክምና አድርሱት። ሲነቃ ዙሪያውን የቆመ ሰው እንዳይጠብቀው ሌላውን በትኑ፤ ከመውደቁ በላይ የሚጎዳው የሰው ዓይን ነው። ስኳር ያለባትን እህታችሁን በሰው ፊት «ይህን አትብዪ» እያላችሁ አትቆጣጠሯት፤ ምን እንደሚያስፈልጋት ጠይቋት። የተነገራችሁን ምስጢር አደራ ብላችሁ ያዙ። አንድ ጊዜ የወጣ ምስጢር ሌሎች አሥር ሰዎችን ወደ መደበቅ ይመልሳል።

ለኃላፊዎች ደግሞ፤ ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ ወጪ አይደለም። ክኒን ለመዋጥ፣ ለመብላት፣ ውሃ ለመጠጣት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ፣ ቀጠሮ ላለው ሰው የፈረቃ መቀያየር፣ በየመስመሩ አንድ ወይም ሁለት የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው፣ እና በሰው ፊት አለመጮህ። የሠለጠነችን ሠራተኛ በሕመም ምክንያት አጥቶ አዲስ ሰው ከማሠልጠን ይህ ይረክሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥም ሳያውቁ የተቀመጡ ይኖራሉ። በዓመት አንድ ቀን የደም ግፊት ልኬት በዚሁ ፓርክ ውስጥ ቢደረግ ብዙ ሰው ወድቆ ከመገኘት ይድናል።

ሕሙማን ሆይ፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። እርዳታ መቀበል የሚጠይቃችሁ ነገር አለ። እውነቱን ተናገሩ፤ በቃኝ ስትሉም በቃኝ በሉ። የተሰጣችሁን ጊዜ ለተሰጣችሁበት ነገር አውሉት። ራሳችሁንም ከሰጪዎች መዝገብ አታውጡ፤ አሥር ዓመት ከስኳር ጋር የኖረች ሴት ትናንት ስኳር አለብሽ ለተባለች ልጅ የምታካፍለው እውቀት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ሁላችሁንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዛሬ ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ሕመም ያለበት ሰው ለአንድ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ሦስት ነገር ብቻ ይንገረው፣ የሕመሙን ስም፣ የክፉ ቀኑን ምልክት፣ በዚያን ጊዜ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ። ጤነኛ የሆነም ሰው ለአንድ ለሚያውቀው ሕመምተኛ «ቀጠሮህ መቼ ነው? ማን አብሮህ ይሄዳል?» ብሎ ይደውል። ይህን ለማድረግ በጀትም የማንም ፈቃድም አያስፈልግም።